ጃኩን ሳይፈቱ መፍረድ፦ ስለ ጊታር ጃክ ጥገና ለተጻፈው ምላሽ

በባሕር ዳር ጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝተው ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ፣ ጃኩ ማለት ነው፣ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሣታቸው ደግ አድርገዋል። ጠጋኝ በቅርብ በማይገኝበት ሁሉ ተጫዋቹ ራሱ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ችግሩ ምክሮቹ ላይ ነው። እንደተጻፈው የሠራ ሰው ደህናውን ጊታር ያበላሻል፤ የመጨረሻው ምክር ደግሞ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የጸሐፊውን ሐሳብ በየተራ እያነሣን እንመልሳለን።

«ጃኩ የሚንኮሻኮሽ ጊታር አትግዙ፤ ኤሌክትሮኒክሱ ያለቀለት ነው» ይላል የመጀመሪያው። ጃክ ግን ኤሌክትሮኒክስ የለውም። ኬብሉ የሚገባበት የብረት አንገት፣ እንደ ሞላ ተገፍቶ የሚመለስ ምላስ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እንዳይነካኩ የሚለይ ማገጃ፤ በቃ ይኸው ነው። ባለ 6.35 ሚሊ ሜትሩ መሰኪያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማዞሪያዎች የመጣ ሲሆን አሠራሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ጊታሩ ላይ በየቀኑ የሚሰካ፣ የሚነቀል፣ ኬብሉ በእግር በተረገጠ ቁጥር የሚጎተት ክፍል እሱ ስለሆነ ቀድሞ ቢደክም አይገርምም። ገዢው ይህን ሲያይ ዋጋ ያስቀንስበት እንጂ ጥሎት አይሂድ። ጥሎ የሚያስኬደው አንገቱ የተጣመመ ወይም ፍሬቱ ተበልቶ ያለቀ ጊታር ነው። ጃክ ካቻቢቴና ሶልደር ላለው ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምክር «ድምፁ ከተቆራረጠ ጃኩን ቀይሩ» የሚል ነው። ከመቀየር በፊት መለየት ይቀድማል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነውና ሌላ ጊታር ላይ ተሰክቶ በደንብ የሠራ ኬብል ያዙ። ጊታሩን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኙና ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ በአንድ ነካኩ። መሰኪያውን ጊታሩ በኩል ስታወዛውዙት የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋቱ የጃኩ ነው። ቮልዩሙን ስታዞሩ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ጃኩ ንጹሕ ነው፤ ቮልዩሙን ያዙ። የፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ መምረጫውን ስትገፉ ብቻ ከጠፋ ደግሞ የስዊቹ ነው።

መልቲሜትር ያለው ሰው በጆሮ መገመትም አያስፈልገው። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክታችሁ ሌላኛውን ጫፍ ከምንም ጋር ሳታገናኙ ተዉት። መልቲሜትሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉና አንዱን ሽቦ በመሰኪያው ጫፍ፣ ሌላውን በመሰኪያው አካል ላይ ያዙ። ቮልዩሙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኦም ያሳያል፤ ባለ ሁለት ጥቅሉ፣ ሀምባከር የሚባለው፣ ከሆነ ከ7 እስከ 9፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። ቁጥሩን እያያችሁ መሰኪያውን አወዛውዙ። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ጃኩ ደህና ነው። መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት እንደሌለ ካሳየ የሆነ ቦታ ተቋርጧል፤ ዜሮ ላይ ከወደቀ ሲግናሉ፣ ድምፁን የሚሸከመው መስመር ማለት ነው፣ ከግራውንድ፣ ከመመለሻው መስመር ጋር ተነካክቷል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየብቻ ነው። ቮልዩሙ ተዘግቶ ከለካችሁ ግን ዜሮ ማሳየቱ ትክክል ነውና አትደንግጡ። ባትሪ ባለው ጊታር ላይ ይህ ልኬት አይሠራም፤ ቅድመ ማጉያው መሃል ስለሚገባ የምታነቡት ቁጥር የፒካፑ አይደለም።

ቀጥሎ ጸሐፊው ጥፋቱን በጣና ላይ ያሳብባሉ። «የሐይቁ ጨዋማ እርጥበት ጃኩን ስለሚበላው በየወሩ ደብሊው ዲ 40 ወይም ቤንዚን ርጩበት» ይላሉ። ጣና ጨዋማ አይደለም። አባይ ተነሥቶ የሚሄድበት ጨው አልባ ሐይቅ ነው፤ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ላይ ብረት የሚበላው የባሕር ነፋስ ባሕር ዳር የለም። ጃክ ላይ ጨው ከተገኘ የተጫዋቹ የእጅ ላብ ነው። እርጥበቱ ግን እውነት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጊታሩ ስስ ከረጢት ውስጥ ሆኖ እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ ሲከርም ላቡና እርጥበቱ ተባብረው ብረቱን ያደበዝዙታል፤ ምላሱ ላይ ቡናማ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ቅርፊት ይይዛል።

ያንን ለማንሣት የሚረጭ ዘይት አይሆንም። የተለመደው ደብሊው ዲ 40 ትቶት የሚሄደው ስስ ቅባት አቧራ ይሰበስባል፤ በቀዳዳው ሲረጭም ምላሱ ላይ አይቆምም፣ አጠገቡ ያለው ቮልዩም ውስጥ ገብቶ ግሪሱን ያጥበዋል። ቤንዚኑ ደግሞ ቀለምና ፕላስቲክ ያለሰልሳል፤ የጋለ የሶልደር ብረት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ቤንዚን ማስቀመጥ እሳት መጥራት ነው። የሚሠራው 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ ሞባይል ጠጋኞች ይጠቀሙበታል። ስቴኪኒ ላይ ጥጥ ጠምጥማችሁ፣ አልኮሉ ውስጥ ነክራችሁ፣ ምላሱ መሰኪያውን የሚነካበትን ቦታና የአንገቱን የውስጥ ግድግዳ እሹ። ጥጡ መጀመሪያ ጠቁሮ ይወጣል፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ እየቀየራችሁ ድገሙት። የጥጥ ክር አለመቅረቱን እዩና አልኮሉ እስኪተን ጠብቁ። የብርጭቆ ወረቀት አታስጠጉ። ቅርፊቱን ከኒኬል ልባሱ ጋር አብሮ ይልጠዋል፤ ከሥሩ የሚወጣው ብረት ከበፊቱ ፈጥኖ ይጠቁራል። አረንጓዴው ጠልቆ ከበላው ማጽዳቱ ድካም ብቻ ነው፤ ይቀየር።

«ምላሱ ከላላ በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብታችሁ ግፉት» የሚለው አራተኛው ምክር በሽታውን አውቆ መድኃኒቱን ይስታል። የላላ ምላስ ያገለገሉ ጊታሮች ላይ በጣም የተለመደ ጥፋት መሆኑ እውነት ነው። በቀዳዳው የገባ ካቻቢቴ ግን ምላሱን ሊገፋው የሚችለው ወደ ውጭ ብቻ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ ወደ መሃል እንዲመጣ ነው። እንደተባለው የሠራ ሰው የላላውን ጨርሶ ያላላዋል።

ጃኩን አውጥታችሁ በእጃችሁ ያዙና መሰኪያውን ዓይናችሁ እያየ አስገቡ። የመሰኪያው ጫፍ እንደ ጦር ሾጠጥ ያለ ነው፤ ከጫፉ ቀጥሎ ቀጠን ያለ ወገብ አለው። የምላሱ መጨረሻ እንደ ጣሪያ ክፈፍ የታጠፈው በዚያ ቀጭን ወገብ ላይ እንዲያርፍ ነው። ስትሰኩ «ቀጭ» የሚለውም እሱ ነው። ጤነኛ ምላስ መሰኪያው ሲያልፍበት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይገፋና ተመልሶ ወገቡን ጨብጦ ይይዛል። የደከመው ግን አይነቃነቅም፤ ነካ አድርጎት ብቻ ይቀመጣል፣ ተጫዋቹ ዞር ባለ ቁጥር ድምፁ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። መሰኪያውን አውጡና ምላሱን በአውራ ጣታችሁ ወደ መሃል ጫን አድርጉት። የምትጫኑት ሥሩን ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን እጥፋት አትንኩ፣ እጥፋቱ ከተቃና ወገቡን መያዝ ያቅተዋል። በትንሽ በትንሹ፣ እየሰካችሁ እያያችሁ ይሁን። ሲበቃው ጃኩን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ኬብሉን አንጠልጥሉበት፤ በኬብሉ ክብደት ብቻ መሰኪያው መውጣት የለበትም። ሁለት ሦስቴ ተስተካክሎ ተመልሶ የሚላላ ከሆነ ብረቱ ደክሟል።

ብዙ ጊታር የሚያበላሸው ግን አምስተኛው ምክር ነው፦ «ዳዶው ከላላ ከውጭ በፒንሳ አጥብቁትና ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉበት።» ከውስጥ ያልተያዘ ጃክ ዳዶው ሲዞር አብሮ ይዞራል። ውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎች እንደ ገመድ ይገመዳሉ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ አንደኛው ከሶልደሩ ሥር ብጥስ ይላል። ባይበጠስም ሌላ ጣጣ አለ። ጃኩ ሲዞር ምላሱ ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ ይጠጋል። ጉድጓዱ በመዳብ ፎይል ወይም ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ጥቁር ቀለም የተለበጠ ከሆነ፣ መሰኪያው የገፋው ምላስ ግድግዳውን ይነካና ጊታሩ ጭጭ ይላል። ቅድም መልቲሜትሩ ዜሮ ላይ ወድቆ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

ጃኩን ከውስጥ ይዞ ዳዶውን ማጥበቅ ነው ደንቡ፤ እንዴት ትደርሱበታላችሁ የሚለው በጊታሩ ዓይነት ይለያያል። ስትራቶካስተር መሰሎቹ ላይ ጃኩ ፊት ለፊት፣ እንደ ጣና ታንኳ በተጎደጎደ ሳህን ውስጥ ነው፤ ሁለት ቪቴ ትፈታላችሁ፣ ከነሳህኑ ይወጣል። ሌስ ፖል መሰሎቹ ጎናቸው ላይ ባለ አራት ቪቴ ሳህን አላቸው፤ ሳህኑ ፕላስቲክ ከሆነ ማዕዘኑ ወይም የቀዳዳው ዙሪያ ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩ፣ ከተሰነጠቀ ማጥበቅ ስንጥቁን ማስፋት ስለሆነ በብረት ሳህን ተኩት። ቴሌካስተር መሰሎቹ ላይ ጃኩ ጽዋ በሚመስል ብረት ውስጥ ይቀመጣል፤ ጽዋውን የሚይዘው ከውስጥ እንጨቱን የነከሰ ቁራጭ ብረት ነው። ያ ብረት ሲለቅ ጽዋው ራሱ ይዞራል፣ ዳዶ ማጥበቅ ምንም አይፈይድም፤ መፍትሔው በሁለት ቪቴ እንጨቱ ላይ የሚታሰር ሳህን መግጠም ነው። ሆዳቸው ክፍት የሆኑት ጊታሮች ላይ ሳህንም ላይኖር ይችላል። እዚያ ዳዶውን ፈትታችሁ ጃኩን ወደ ውስጥ ከመልቀቃችሁ በፊት በቀዳዳው ጠንካራ ክር አስገብታችሁ ጃኩ ላይ እሰሩበት፤ ስትመልሱ ክሩን ስትስቡ ጃኩ ራሱ ወደ ቀዳዳው ይመጣል። ያለ ክር የለቀቀ ሰው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያጠምድ ይውላል።

የተለመደው ጃክ ዳዶ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ቁልፍ ትንሽ ቢሰፋውም በጥንቃቄ ያጠብቀዋል። ፒንሳ ግን የዳዶውን ማዕዘን ይበላል፣ ሳህኑንም ይቧጭራል። ዳዶው ቶሎ ቶሎ የሚላላው አብዛኛውን ጊዜ በጃኩና በሳህኑ መካከል መግባት ያለበት ባለ ጥርስ ሮንዴላ ስለሌለ ነው፤ የቀድሞ ባለቤት ሲፈታው ጥሎት ይሆናል። እሱን መልሱ። ሱፐር ግሉ ዳዶው በሚገባበት ጥርስ በኩል ሰርጎ ምላሱና አንገቱ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የደረሰበት ቦታ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ቀጣዩ ጠጋኝም ሳይሰብር አይፈታውም። የሳህኑ ቪቴዎች ቀዳዳቸው ሰፍቶ በባዶ የሚዞሩ ከሆነ ስቴኪኒ የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ ክተቱበት፣ ትርፉን ቁረጡ፣ ሲደርቅ ቪቴውን መልሱ።

ስለ መለዋወጫው «ማንኛውም ባለ 6.35 ጃክ ይሠራል፤ ስቴሪዮው ሦስት እግር ስላለው ድምፁ ይበልጣል» ተብሏል። ከጊታር የሚወጣው ሲግናል አንድ ነው፤ ሦስተኛ እግር የሚጨምረው ድምፅ የለም። ስቴሪዮ ጃክ ጊታር ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ያላቸው ጊታሮችና ቤዞች ላይ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ ነው። የባትሪው ጥቁር ሽቦ ከመካከለኛው እግር ጋር ይያያዛል፤ ተራው ሞኖ መሰኪያ ሲገባ አካሉ ያንን እግር ከግራውንድ ጋር ያገናኝና ባትሪው ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌውን ጃክ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት። ሦስት ሽቦ ካለው በስቴሪዮ ተኩት፤ በሞኖ ተክታችሁ ጥቁሩን ሽቦ ግራውንድ ላይ ብታስሩት ባትሪው ሌት ተቀን ሲበላ ይኖራል። ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ሞኖ ይበቃል።

ከተበላሸ ሚክሰር የተነቀለ ጃክም ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ እግሩ ሰሌዳ ላይ እንዲበየድ የተሠራ ስለሆነ ሽቦ በደንብ አይይዝም። ልኩንም አትርሱ። የተለመደው ጃክ አንገት ውፍረቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ርካሽ ጊታሮች ላይ ግን ቀዳዳው ከዚያ የሚጠብ አለ። ማስፋት ካስፈለገ ክብ ሞረድ ተጠቀሙ፤ ትራፓኖ ስሱን ሳህን ነክሶ ያሽከረክረዋል፣ ፕላስቲኩንም ይሰነጥቀዋል። በፕላስቲክ የተሸፈነው ባለ ሳጥኑ ጃክ ደግሞ ረዘም ስለሚል ጉድጓዱ ይችለው እንደሆነ ሳትገዙ ለኩ።

ሰባተኛው ነጥብ ግማሹ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስታል፦ «ሲግናሉ ተለዋዋጭ ስለሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ቢቀያየሩም ለውጥ የለውም።» ሲግናሉ ተለዋዋጭ ነው፤ ተቀያይረውም ጊታሩ ይጮኻል። ነገር ግን ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ፣ የቮልዩሞቹ ቆርቆሮ፣ የጉድጓዱ ፎይል፣ ሁሉም የታሰሩት ግራውንዱ ላይ ነው። ሽቦዎቹ ሲቀያየሩ ይህ ሁሉ ብረት፣ ክሩን የነካው የተጫዋቹ ገላም ጭምር፣ ወደ አምፕሊፋየሩ ሲግናል መግቢያ ይገባል፤ ጊታሩ በሙሉ አንቴና ሆኖ ከግድግዳው መስመር 50 ኸርዝ ጉርምርምታ ይሰበስባል። ምልክቱ ግልጽ ነው። በትክክል የታሰረ ጊታር ክሩን ስትነኩት ጉርምርምታው ይቀንሳል፤ የተገለበጠው ይብስበታል።

የቱ የት እንደሚገባ ለማወቅ በሽቦው ቀለም አትመኑ፤ ያገለገለ ጊታር ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም። መልቲሜትሩን ግንኙነት መፈተሻው ላይ አድርጉ። ዳዶው ከሚገባበት ጥርስ ጋር የሚገናኘው እግር የግራውንድ ነው፤ ከምላሱ ጋር የሚገናኘው የሲግናል ነው። ከዚያ ሽቦዎቹን ተከተሉ፦ የቮልዩሙ ጀርባ ላይ የተበየደው ግራውንድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቮልዩሙ መካከለኛ እግር የሚመጣው ሲግናል። በአንድ ወፍራም ሽቦ ከመጣ የውጭው ሹሩባ ግራውንድ፣ የውስጡ ሲግናል ነው።

«በትልቅ ብረት ብዙ ሶልደር ለጥፉበት» ስለሚለው ብዙ አንልም። 40 ዋት ብረት ይበቃል፤ ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና መሃሉ ሮዚን የሆነ ሶልደር ምረጡ፤ ለቆርቆሮና ለቧንቧ የሚሠራበትን አሲድ በፍጹም አትጠቀሙ፣ ቆይቶ ሽቦውን ይበላዋል። ሽቦው ባለ ብዙ ክር ይሁን፤ አንድ ወጥ የሆነው የስልክ ሽቦ ሲወዛወዝ ይሰበራል። መጀመሪያ የሽቦውን ጫፍ ሶልደር አጠጡ፣ በእግሩ ቀዳዳ አስገብታችሁ እጠፉት፣ ብረቱን እግሩ ላይ አሳርፉና ሶልደሩን ወደ ጋለው እግር አቅርቡ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው፤ ሶልደሩ ሲፈስ ብረቱን አንሡና እስኪረጋ ድረስ አትንኩት። ሲረጋ የተንቀሳቀሰ ሶልደር እንደ አሸዋ የሻከረና የደበዘዘ ይሆናል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ መድረክ ላይ ይለቃል። ሳህኑ ተከፍቶ ጃኩ በነፃነት እንዲወጣ ሽቦው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይኑረው። ሶልደሩ እርሳስ ስላለበት መስኮት ክፈቱ፣ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

የመጨረሻው ምክር ላይ ግን ዝም ማለት አንችልም። ጸሐፊው «ጉርምርምታው ካልጠፋ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት የኧርዝ እግር ቁረጡት» ብለዋል። እባካችሁ ማንም ይህን እንዳያደርግ። የጊታሩ ክሮች በብሪጁ፣ በጃኩ፣ በኬብሉ አልፈው ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተገናኙ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ለቆ አካሉን ቢነካ 220 ቮልቱ በኧርዙ ሄዶ ፊውዙን ማቃጠል ወይም ብሬከሩን መጣል አለበት። ኧርዙ ከተቆረጠ የሚቀረው መንገድ ተጫዋቹ ነው፤ ግራ እጁ ክሩ ላይ፣ ከንፈሩ ማይክራፎኑ ላይ። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ባለበት አዳራሽም አደጋው ያው ስለሆነ ከመሰካታችሁ በፊት የሶኬቱን ኧርዝ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ። ማይክራፎኑን ስትነኩ ቀላል ንዝረት ከተሰማችሁ መጫወት አቁማችሁ አምፕሊፋየሩን ከግድግዳው ንቀሉ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ደግሞ አምፕሊፋየሩንና ሚክሰሩን ኧርዝ ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ስቡ፣ ጊታሩንም ከትራንስፎርመርና ከሚያብረቀርቁ መብራቶች አርቁ።

ጽሑፉ ያላነሣው አንድ ነገር ይቀራል። የተጠገነው ጃክ መልሶ የሚላላው አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ተረግጦ ሲጎተት ነው። ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት በትከሻ ማንገቻውና በጊታሩ አካል መካከል አሳልፉት፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ጃኩ ይግባ። ሲረገጥ ጉልበቱ ማንገቻው ላይ ይቀራል። ጃኩ ጎኑ ላይ ላለ ጊታር እንደ ክርን የታጠፈ መሰኪያ ያለው ኬብል ይመረጣል፤ ባለ ታንኳ ሳህኑ ጊታር ግን ቀጥተኛውን መሰኪያ ይፈልጋል፣ የታጠፈው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ እስከ መጨረሻው አይገባም።